የኢቺሮን ሁለት መዝገብ አትደምሩብን

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጃፓናዊው ተጫዋች ኢቺሮ ሱዙኪ በሐምሌ 2025 ኩፐርስታውን፣ አሜሪካ ያለው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ሲገባ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ስለ ቤዝቦል በአማርኛ የሚጽፍ ሰው መገኘቱ ራሱ ያስደስታል፤ እዚህ ሲያትል ያለን የታክሲ ሰዎች ስለዚህ ሰው ስንከራከር ነው የኖርነው፣ ጽሑፉም ከስልክ ወደ ስልክ ዞሯል። እኔን ብዕር ያስነሣኝ ርዕሱ ላይ በደማቁ ያሰፈራችሁት 4,367 የሚለው ቁጥር ነው። ኢቺሮ የአሜሪካውን ባለ ክብረ ወሰን ፒት ሮዝን በልጦ የዓለም ቁጥር አንድ መቺ የሆነላችሁ በዚህ የጃፓንና የአሜሪካ ሂቶቹ ድምር ነውና።

ለማያውቀው አንባቢ፦ መቺው ኳሷን በዱላው መትቶ፣ ተከላካዮቹ ሳይቀድሙት ቤዝ ላይ (ሯጩ በየተራ ከሚደርስባቸው አራት ማረፊያዎች አንዱ ላይ) በሰላም ከደረሰ አንድ ሂት ይቆጠርለታል። ኢቺሮ በጃፓን ከ1992 እስከ 2000 ድረስ 1,278፣ በአሜሪካ ደግሞ ከ2001 እስከ 2019 ድረስ 3,089 ሂት አለው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ሮዝ 4,256ቱን በሙሉ የመታው በአሜሪካው ዋና ሊግ ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። በሰኔ 2016 ኢቺሮ የማያሚ ማርሊንስን ማልያ ለብሶ ሳንዲዬጎ ላይ ሁለት ሂት ሲጨምር ድምሩ 4,257 ደረሰ፤ ያኔ ነው የጦፈው። ሮዝ ቀጥሎ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂቱንም ሊቆጥሩለት ነው ብሎ አፌዘ። በወዲያኛው ወገን ያሉት ደግሞ የጃፓኑን አለመቁጠር ንቀት ነው አሉ። ልብ ብላችሁ ብታዩት ግን ሁለቱም በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ የጃፓኑ ዘመን ዋጋ የሚያገኘው አሜሪካ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ነው ብለዋል። አንዱ ይግባ ይላል፣ ሌላው አይግባ። ቅሬታዬ ከሁለቱም ጋር ነው፣ ከእናንተም ጋር።

እስቲ 1,278ቱ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ። በ1991 ኦሪክስ የተባለው የጃፓን ቡድን ኢቺሮን የመለመለው በአራተኛ ዙር ነው። አባቱ ከልጅነቱ ጀምረው ያሠለጠኑት ቀጭን ልጅ ነበር፤ ኳሷ ስትመጣ የፊት እግሩን እንደ ሰዓት ፔንዱለም እያወዛወዘ ይመታል። አሠልጣኙ ሾዞ ዶይ ይህን አመታቱን ስላልወደዱት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በአብዛኛው በሁለተኛው ቡድን አሳለፈ። በ1994 አኪራ ኦጊ አሠልጣኝ ሆነው መጡና እግሩን ተዉለት። ሱዙኪ ጃፓን ውስጥ በየመንደሩ ያለ ስም ስለሆነም ማልያው ላይ «ኢቺሮ» ብቻ ይጻፍ አሉ። በዚያው ዓመት በ130 ጨዋታ 210 ሂት መታ። በጃፓን ፕሮፌሽናል ቤዝቦል በአንድ የውድድር ዘመን 200 የደረሰ ከእሱ በፊት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ወደ አሜሪካ እስኪሻገር ድረስ፣ ሰባት ዓመት በተከታታይ፣ የሊጉን የመቺነት አንደኝነት የነጠቀው የለም።

ከዚያ ደግሞ ኮቤ አለች። ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ጎህ ሳይቀድ የኦሪክስ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ወደቀች፤ ከ6,000 በላይ ሰው አለቀ። ቡድኑ ከኮቤ ሳይወጣ ሊጫወት ወሰነ። ተጫዋቾቹ እጅጌያቸው ላይ «አይዞሽ ኮቤ» የሚል መፈክር ለጥፈው ገቡ፣ ከጃፓን ሁለት ሊጎች አንዱ የሆነውን የፓሲፊክ ሊግንም ዋንጫ በሉ። ነገር ግን ዋንጫውን ያረጋገጡት በሰው ሜዳ ነበርና ሜዳው ላይ ሊያይ የጓጓው የኮቤ ሕዝብ ቀረበት። ያ የቀረው ነገር በዓመቱ፣ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1996 ተከፈለ። በሜዳቸው ከኒፖን ሃም ቡድን ጋር በመደበኛው ዘጠኝ ዙር እኩል ሆነው ተጨማሪ ዙር ገቡ፣ በአሥረኛው ዙር ኢቺሮ ተነሥቶ መታ፣ የአሸናፊነቱ ነጥብ ገባ፣ ጨዋታውም የሊጉ ፉክክርም እዚያው አበቃ። ከዚያ ዮሚዩሪ ጃይንትስን ረትተው የጃፓን ሻምፒዮን ሆኑ። ያ ምት በእናንተ ድምር ውስጥ ከ4,367 አንዱ ነው። ከሮዝ ጋር ለማወዳደር ብቻ ሲቆጠር ኮቤ የለችበትም፣ በዚያ ምሽት የጮኸው ሕዝብም የለበትም።

የአሜሪካው መዝገብስ ቢሆን ድጎማ መቼ ፈለገ? ሲያትል ሲመጣ 27 ዓመቱ ነው፤ ሌላው የመጀመሪያ ሺህ ሂቱን በሚቆጥርበት ዕድሜ እሱ ከዜሮ ጀመረ። ከእሱ በፊት ከጃፓን ወደ ዋናው ሊግ የመጡት ሁሉ ወርዋሪዎች፣ ኳሷን ለመቺው የሚወረውሩ፣ ነበሩ። በቀጭኑ ሰውነቱ የአሜሪካ ወርዋሪዎችን ፍጥነት አይችልም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ኤፕሪል 11 ቀን 2001 ኦክላንድ ላይ የሆነውን ግን ዛሬም ቪዲዮው አለና እዩት። ቴረንስ ሎንግ የተባለው የኦክላንድ ተጫዋች ከአንደኛው ቤዝ ተነሥቶ ሦስተኛው ድረስ ይሮጣል። ኢቺሮ ቀኝ ሜዳ ላይ ኳሷን አንሥቶ ወረወራት፤ መሬት ሳትነካ ቀጥ ብላ መጥታ ሦስተኛው ቤዝ ላይ የቆመው የቡድን ጓደኛው ዴቪድ ቤል ጓንት ውስጥ ገባች። ሎንግ ተንሸራቶ ሲደርስ ኳሷ እየጠበቀችው ነበር። በዚያ ዓመት ኢቺሮ 242 ሂት መትቶ የአሜሪካን ሊግ (ከዋናው ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ) ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ኮከብ ተጫዋችም ሆነ፣ ሲያትልም 116 ጨዋታ አሸነፈች።

በ2004 ደግሞ 262 መታ። ጆርጅ ሲስለር በ1920 ያስመዘገበው 257 ለ84 ዓመት ማንም ያልነካው ነበር። ከ262ቱ 225ቱ አንድ ቤዝ ብቻ የሚያስኬዱ አጫጭር ሂቶች ናቸው። ከታክሲ ባልደረቦቼ አንዱ ሆም ረን፣ ማለትም ኳሷን ከአጥር ውጭ የሚያወጣ ምት፣ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው ባይ ነው፤ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እኔ የምለው እዚያ አጭር ምት ውስጥ ያለውን ሥራ እይ ነው። በግራ በኩል ቆሞ ስለሚመታ ለአንደኛው ቤዝ ይቀርባል፣ ዱላው ኳሷን ሲነካ ሰውነቱ ሩጫ ጀምሯል። ኳሷ መሬት ላይ ነጥራ ወደ ተከላካዩ ስትሄድ ሌላ መቺ ቢሆን አበቃለት፤ ኢቺሮ ሲሆን ግን ተከላካዩ ይደነግጣል፣ ለመያዝ ይቸኩላል፣ ሲወረውር ይስታል፣ ባይስትም ይዘገያል። ይህን እያደረገ ከ2001 እስከ 2010 በየዓመቱ ከ200 በላይ ሂት መታ፣ በየዓመቱም ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ወሰደ።

ጃፓን የራሷን መዝገብ ለብቻው ማክበር ታውቅበታለች። ሳዳሃሩ ኦ እዚያው አገሩ 868 ሆም ረን መታ፤ የአሜሪካው ክብረ ወሰን የባሪ ቦንድስ 762 ነው። የኦ ቁጥር ከማንም ሳይደመር፣ ከማንም ሳይቀነስ ቆሟል።

የጽሑፋችሁን ግማሽ ስለወሰደችው አንዲት ድምፅ ብዙ አልልም። ከ394 መራጭ የቤዝቦል ጸሐፊዎች 393ቱ መርጠውታል፤ አንዱ አልመረጠውም። ኢቺሮ ራሱ በሥነ ሥርዓቱ ላይ በእንግሊዝኛ ባደረገው ንግግር ለዚያ ጸሐፊ ያቀረብኩት የራት ግብዣ ጊዜው አልፎበታል ብሎ ሕዝቡን አስቆ አለፈው። እናንተም እለፉት።

በምትኩ አንድ የዘለላችሁት ነገር አለ። ኩፐርስታውን መመረጡን ከማወጁ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ፣ በዚያው በጃንዋሪ 2025፣ የጃፓን የቤዝቦል የዝና አዳራሽም መርጦታል። ጽሑፋችሁ ይህን አንድ ቦታ እንኳ አላነሣም። ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው፦ በድረ ገጻችሁ ላይ ያለውን ርዕስ አስተካክሉልን፣ 4,367ን አውጡና ጃፓን 1,278፣ አሜሪካ 3,089 ብላችሁ በሁለት መስመር ጻፉት፣ የጃፓኑንም ምርጫ ጨምሩበት። ቦታ ከተረፋችሁ ደግሞ በዲሴምበር 2019 ኮቤ ተመልሶ ያደረገውን ብትነግሩን ደስ ይለናል። ከጓደኞቹ ጋር ባቋቋመው የአማተር ቡድን ከአንድ ትምህርት ቤት ሠራተኞች ጋር ተጫወተ፤ በመቺነቱ የምናውቀው ሰው በ46 ዓመቱ ጨዋታውን ከዳር እስከ ዳር እሱ ራሱ ወርውሮ፣ አንዲት ነጥብ እንኳ አላስቆጠራቸውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሲያትል