ይምርሐነ ክርስቶስ እንጨት መሆኑን አትርሱ፦ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የባለሥልጣኑ የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። ከላሊበላ ከተማ በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ከዚያ በጽድ ደን ውስጥ ሽቅብ በእግር ተወጥቶ የሚደረስበት ይምርሐነ ክርስቶስ። እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን የላስታ ቅርስ በተነሳ ቁጥር የምንሰማው ስለ ድንጋይ ብቻ ነው፦ ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መጠለያው። ይምርሐነ ክርስቶስ ግን ከግድግዳው እስከ ጣሪያው እንጨት የበዛበት ነው። አደጋውም ጥበቃውም ከሌሎቹ ይለያል። ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ያሠራው በስሙ የሚጠራው የዛጉዌ ንጉሥ ነው። ንግሥናንና ክህነትን አንድ ላይ የያዘ፣ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን የምትቆጥረው ሰው። የነገሠው ከቅዱስ ላሊበላ በፊት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው ዋሻ ውስጥ ነው፤ የንጉሡም መቃብር እዚያው ዋሻው ውስጥ፣ ካሠራው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይገኛል። ሌላም አነስ ያለ ቤት በዋሻው ውስጥ አለ፤ ካህናቱ የንጉሡ መኖሪያ ነበር ይላሉ።

የዋሻው አፍ በኋላ ዘመን በተሠራ ግንብ ተዘግቷል። ስለዚህ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ብዙም የሚታይ የለም። በሩን አልፎ ሲገባ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ ግድግዳው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። አንድ ረድፍ ወፍራም አግዳሚ እንጨት፣ በላዩ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት፣ እንደገና ልስን። እስከ ላይ እንዲሁ ይቀጥላል። እንጨቱ ወደ ውጭ ወጣ፣ ልስኑ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ስለሆነ ከበሩ በምትገባው ትንሽ ብርሃን እንኳ እያንዳንዱ ረድፍ ጥላውን ይጥላል። መስኮቶቹ በመስቀልና በሐረግ ቅርጽ ተፈልፍለዋል።

ይህ የአክሱም ዘመን ሰዎች የግንባታ ስልት ነው። ደብረ ዳሞም የዚሁ ዘር ነው። ላሊበላ ወርዳችሁ ቤተ አማኑኤልን ስታዩ በአለቱ ላይ የተቀረጹት አግዳሚ ረድፎች ይህንኑ የእንጨትና የድንጋይ ሥራ ያስመሰሉ ናቸው። እዚያ አለቱ ያስመሰለው ነገር እዚህ በእውነተኛ እንጨት ቆሟል። አሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ይምርሐነ ክርስቶስ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። እኔ በበኩሌ ያለ እሱ የላሊበላ ታሪክ መጀመሪያው የጎደለ ይመስለኛል።

ውስጡ ደግሞ ሌላ ነው። በዓምዶች ለሦስት ተከፍሏል። የመካከለኛው ክፍል ጣሪያ በግራና በቀኝ ያዘቀዘቀ የእንጨት ሥራ ነው። የጎንና የጎኑ ጣሪያዎች ግን ጠፍጣፋ ናቸው፤ በትናንሽ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ተከፋፍለው በቀለምና በቅርጽ አጊጠዋል። አንዱ ሳጥን መስቀል ነው፣ ቀጥሎ ያለው ኮከብ፣ ከዚያ የተጠላለፈ ሐረግ። አንገት እስኪያም ቢያዩት አይጠገብም። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎችም በአገራችን ከቀሩልን እጅግ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ይመደባሉ። ወለሉ ደግሞ ረግረግ ላይ በተረበረበ እንጨት ላይ ያረፈ ነው ይባላል፤ ከሥሩ ውኃ እንዳለ ካህናቱ ያወሳሉ።

ይህ ሁሉ እንጨት እስካሁን የቆየው ዋሻው ጣሪያ ስለሆነው ነው። ዝናብ አይመታውም፣ ፀሐይ አያገኘውም። ላሊበላ ላይ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለጊዜው ተብለው የቆሙት የብረት መጠለያዎች ምን ያህል እንዳነጋገሩ፣ በ2011 ዓ.ም. ሕዝቡን አደባባይ እስከማውጣት እንደደረሱ ታስታውሳላችሁ። ይምርሐነ ክርስቶስ ያ ጣጣ የለበትም።

ያለበት እሳት ነው። ጧፍ ይበራል፣ ጽና ውስጥ ፍም አለ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ በምንጣፍ ተደራርቧል፣ ዙሪያው ስምንት መቶ ዓመት ሲደርቅ የኖረ እንጨት ነው። ጧፍና ዕጣን ይቅር አልልም፤ ቤቱ የተሠራው ለቅዳሴ ነው። ግን ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. የፓሪሱ የኖትር ዳም ካቴድራል የእንጨት ጣሪያ በአንድ ምሽት ሲነድ በዓይናችን አይተናል። የእሳት አደጋ ብርጌድ ባለበት መሀል ከተማ የቆመ ካቴድራል እንዲያ ከሆነ፣ መኪና እንኳ ደጁ ድረስ የማይደርስለት የደን ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ምን ይሆናል? ፈረንሳዮቹ ሲጠግኑ አንድ ነገር ረድቷቸዋል። ሕንፃው ከመቃጠሉ ከዓመታት በፊት በሌዘር ጥንቅቅ ተደርጎ ተለክቶ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። ከግንቡ ውጭ የውኃ ጋን፣ ከውስጥ አሸዋ የተሞሉ ባልዲዎችና ለእንጨት የሚሆኑ የእሳት ማጥፊያዎች ይቀመጡ። ዲያቆናቱና ጥበቃዎቹ አጠቃቀሙን ይሠልጥኑ፤ በወረቀት ሳይሆን በእጃቸው እየሞከሩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥንታዊው እንጨት ላይ በምስማር እንዳይመታ ከወዲሁ በጽሑፍ ይከልከል። ምንጣፎቹ በየጊዜው እየተነሱ ይራገፉ፣ በዚያው ከሥር ያለው ወለል ይታይ፤ እርጥበትም ምስጥም የሚጀምረው ማንም የማያየው ቦታ ነው።

የውጭም የአገር ውስጥም ተመራማሪዎች ቤተ ክርስቲያኑን አጥንተውታል፣ ፎቶ አንስተውታል፣ ለክተውታል። የዚህ ሁሉ ቅጂ በእናንተ ቤተ መዛግብትና በደብሩ እጅ ተሟልቶ ይገኝ። የጎደለው ይለካ። እንጨት ሲበሰብስ የሚተካው በምን ዓይነት እንጨት፣ በማን እጅ እንደሆነ ከካህናቱና ከአካባቢው አናጺዎች ጋር አሁን ተነጋገሩበት። አንድ አግዳሚ ወድቆ በጥድፊያ ሲሚንቶ ከተለሰነ በኋላ መነጋገሩ ዋጋ የለውም።

ሌላው አፅሙ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ዋሻው ውስጥ፣ የብዙ ሰዎች አፅም ተከማችቷል። ከሩቅ አገር ጭምር ለመሳለም መጥተው እዚያው ያረፉ ምዕመናን ናቸው ይላሉ ካህናቱ። ዛሬ ጎብኚው ባትሪ እያበራ፣ በስልክ እያነሳ ያልፋል። ሰዎች ናቸውና እንደ ሰው ይከበሩ። ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር፣ ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ፣ አስተናባሪ አንድ ሰው። ይኸው ነው።

ከወረርሽኙና ከጦርነቱ ወዲህ ጎብኚ በመቅረቱ የደብሩ ገቢ ተመናምኗል። ስለዚህ ወጪውን እነሱ ይቻሉት ማለት አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በማንም ይዞታ ሥር ቢሆን መንግሥት በጥበቃው የሚመለከተው መሆኑን ደንግጓል። የንጉሡ በዓል ጥቅምት 19 ነው። ጧፍ የሚበዛበት ቀን ነውና ውኃውና ማጥፊያው ከዚያ በፊት ቢደርስ፣ ካህናቱ በቅዳሴው ሰዓት አንድ ሐሳብ ይቀልላቸዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር