በቃል የሚያዘው ወረቀት ይታይልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጅማ መርካቶ አጠገብ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ጥር ሲገባ ሥራዬ መልኩን ይቀይራል። መታወቂያና የውል ወረቀት ማባዛቱ ቀነስ ይልና «በቃል የሚያዝ» የተባለው ወረቀት መጉረፍ ይጀምራል። ለአድዋ በዓል የሚባል ግጥም፣ በሚኒ ሚዲያ የሚነበብ ታሪክ፣ ለጥያቄና መልስ ውድድር የሚሸመደድ የሕገ መንግሥት አንቀጽ። መምህራኑ በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። ወላጆች ከቴሌግራም ያወረዱትን ስልካቸው ላይ ያሳዩኛል። እኔ እጽፋለሁ፣ አባዛለሁ፣ አንዳንዱን ላሚኔት አደርጋለሁ። በዚህ ሰፈር ልጆች ምን እየሸመደዱ እንደሆነ ከየርዕሰ መምህሩ ይልቅ እኔ ሳላውቅ አልቀርም።

ዘንድሮም ወረቀቱ መምጣት ስለጀመረ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ወረቀት መጣልኝ። ያምራል። ዙሪያው በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መስመር ተከቧል፣ ርዕሱ ደመቅ ብሎ ተጽፏል። ሁለተኛው መስመር ላይ ግን «የካቲት 23 ቀን 1896 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል አደረግን» ይላል። የካቲት 23 የእኛ ነው፣ 1896 ግን የፈረንጅ ነው። በእኛ አቆጣጠር አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። በፈረንጁ ከሆነ ማርች 1 ቀን 1896 ይባላል። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ቀኑን ከአንዱ፣ ዓመቱን ከሌላው አንስቶ አጋብቷቸዋል። ዝቅ ብሎ ደግሞ የድል በዓልን «ሚያዝያ 27 ቀን 1941 ዓ.ም.» ብሎታል። ያው በሽታ ነው። 1933 መሆን ነበረበት። በእኛ 1941 እኮ ጣሊያን ከተባረረ ስምንት ዓመት ሆኖታል!

ላመጣው መምህር አሳየሁት። ወጣት ነው፣ ትሁት ልጅ ነው። «እትዬ፣ እውነትዎን ነው። ግን ልጆቹ ይዘውታል። አሁን ብንቀይረው ይደናገራሉ» አለኝ። ወረቀቱ እንዳለ ተባዛ። በበዓሉ ቀን አንዲት ልጅ የአገር ልብስ ለብሳ፣ ማይኩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና ስድስት!» ብላ ጮኸች። ወላጅ ሁሉ አጨበጨበ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ብቻ «ኧረ ሰማንያ ስምንት ነው!» ብለው አጉረመረሙ። ልጅቷ ምን ታድርግ? የሰጧትን ነው ያለችው።

በጅማ የቃል ትምህርት ብርቅ ሆኖ አይደለም። ረፋዱን ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ ከሰዓት መድረሳ ገብቶ ቁርኣን ይቀራል። የጎረቤቱ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ዳዊት ይደግማል። ሁለቱም ጋ ቀልድ የለም። ኡስታዙ አንዲት ድምፅ ያለቦታዋ ብትረዝም ያስቆመዋል። የኔታም ቃል ከተዘለለ «መለስ በል» ነው የሚሉት። ከቤቴ ግድግዳ ማዶ ያለውን ልጅ ማታ ማታ ሲቀራ እሰማዋለሁ። ሲሳሳት ማንም ሳያርመው ራሱ ቆም ይልና ከመጀመሪያው ይነሳል። ያንኑ ልጅ የአድዋን ዓመት ጠይቁት። አንድ ቀን ሰማንያ ስምንት፣ ሌላ ቀን ዘጠና ስድስት ይላችኋል። የልጁ ጭንቅላት ምንም አልሆነም። እዚያ የሚሰጠው ሰው ይጠነቀቃል፣ እዚህ የሚሰጠው አይጠነቀቅም።

ሽምደዳ ጭራሽ ይቅር የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በልጅነት የተያዘ ነገር አይለቅም። እናቴ በንጉሡ ዘመን የተማረችውን የሕዝብ መዝሙር እስካሁን አንድ ቃል ሳትዘል ትወጣዋለች። እኔ «ኢትዮጵያ ቅደሚ» እያልኩ የተሰለፍኩ ነኝ። የመጨረሻ ልጄ ደግሞ ጠዋት ጫማውን እያሰረ «የዜግነት ክብር»ን ያንጎራጉራል። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የሕዝብ መዝሙር አለ ማለት ነው። መንግሥት ሲለወጥ መዝሙሩ ይለወጣል፣ እናቴ ጭንቅላት ውስጥ የገባው ግን ሃምሳ ዓመት አልፎትም አልወጣም። እንዲህ የማይወጣ ከሆነ ሳናስገባው በፊት ደህና አድርገን እናጣራው ነው የምለው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የግጥሙ ነገር ነው። ከሚመጡልኝ ውስጥ ብዙዎቹ ደም፣ አጥንትና ጎራዴ ናቸው። ጥርሱ ገና ያልተለወጠ የኬጂ ሕፃን «ደሜን አፈሳለሁ» እያለ ደረቱን ሲመታ ወላጅ ይስቃል፣ ስልክ አውጥቶ ይቀርጻል። ሕፃኑ ግን ጉልበቱ ተልጦ ትንሽ ደም ሲያይ እሪ የሚል ነው። በቀድሞው የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጽሐፍ አርበኝነት ከ11ዱ እሴቶች አንዱ ነበር። የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባ አብረውት ነበሩ። ስለ ፍትሕ ወይም ስለ ቁጠባ የተጻፈ ግጥም ይዞ «ይህን አባዢልኝ» ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። አሁን ግብረ ገብ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ተመልሷል፣ ከፍ ላሉት የዜግነት ትምህርት አለ። የሚባዛው ወረቀት ግን ያው የድሮው ነው። ደም፣ አጥንት፣ ጎራዴ።

የአፄ ምኒልክ የክተት አዋጅም በየዓመቱ ይመጣል። በየዓመቱም ቃሉ ይለያያል። አንዱ ያስረዝመዋል፣ አንዱ ያሳጥረዋል፣ አንዱ ደስ ያለውን ይጨምርበታል። አንድ ቀን አንዲት ሙስሊም እናት ልጇ የተሰጠውን ይዛ መጣች። «ማርያምን» የሚለው ጋ ጣቷን አስቀምጣ፣ «እህቴ፣ ይቺን ብቻ ታጠፊልኛለሽ?» አለችኝ። ሰው የተናገረውን ማጥፋት አልወድም፣ አላጠፋሁትም። ጥያቄዋ ግን የሚናቅ አይደለም። ንጉሡ በገዛ እምነታቸው ምለው ሕዝባቸውን ጠርተዋል። ታሪክ ነው፣ አይሰረዝም። የእሷ ልጅ ግን መሐላውን የራሱ አድርጎ በማይክ እንዲጮኸው ማድረግ ሌላ ነገር ነው። እንደኔ ቢሆን ለትንንሾቹ «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» የምትለውን ብቻ እሰጣቸው ነበር። አጭር ናት፣ ለማንም ልጅ ትሆናለች፣ ምን ማለት እንደሆነችም ይገባዋል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ሙሉውን ቁጭ ብለው ያንብቡት። ማን ተናገረው፣ ለማን፣ ለምን ብለው ይጠያየቁ። ያኔ በቃል መያዙም አያስፈልግም።

አዋጁን ካነሳን አይቀር፣ የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ሙስሊም ነበሩ። ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ግን በእጃቸው ይዘው ኖረዋል። ቤተ መንግሥታቸው እዚሁ ጅሬን ኮረብታው ላይ አለ። ልጆቻችን ለጉብኝት እየሄዱ ፎቶ ይነሱበታል። እጃቸው ላይ ባለው ወረቀት ግን ስለ አባ ጅፋር አንድ መስመር የለም። ወረቀቱ ሌላ ቦታ ለሌላ ልጅ ተጽፎ በቴሌግራም ተንከባሎ የመጣ ነዋ።

ሚያዝያ 27ም እንዲሁ ነው። ልጆቻችን «ኢትዮጵያ ነጻ የወጣችበት ቀን» ብለው ይይዙታል። ያን ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ገቡ፣ እሰየው። ጅማ ግን ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ጣሊያን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርጓት ስለነበር ቶሎ አልለቀቃትም። የገረሱ ዱኪ አርበኞች ዙሪያዋን ይዘው፣ የእንግሊዝ ጦርም ገፍቶ መጥቶ፣ ነጻ የወጣችው በሰኔ ወር 1933 ነው። ጎንደርማ እስከ ኅዳር 1934 ቆይታለች። ጣሊያን የሠራቸውን ቤቶች በየቀኑ እያለፈባቸው ትምህርት ቤት ለሚሄድ የጅማ ልጅ ይህን መንገር ምን ይከብዳል? አንድ መስመር ነው። «ጅማ ነጻ የወጣችው በሰኔ 1933 ነው።» በቃ።

ወደ ሕገ መንግሥቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለጥያቄና መልስ ውድድር ልጆቹ አንቀጹን ከነቁጥሩ ይሸመድዳሉ። የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንደማይበልጡ የማያውቅ ተወዳዳሪ የለም። ሕገ መንግሥቱ ስንት አንቀጽ አለው ስትሉት «106!» ይላችኋል፣ ጥያቄውን ሳትጨርሱ። ይሁን፣ መጥፎ አይደለም። አንድ ቀን ግን አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ወረቀቷ ጠፍቶባት ሌላ ልታስባዛ መጣች። ገንዘቡን ስትሰጠኝ መዳፏ ቀልቷል። ምን ሆነሽ ነው ስላት «አንቀጽ 36 ላይ ተሳስቼ ተገረፍኩ» አለች። አንቀጽ 36 የሕፃናት መብት ነው። ወረቀቱን ከማሽኑ ላይ አነሳሁና ፊደል «ሠ» ያለበትን ቦታ አሳየኋት። ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አለው ይላል። ድምፅ አውጥታ አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «መምህሩ ይቺን ያውቋታል?» አለችኝ።

ስንት ጊዜ በቃሏ ወጥታዋለች፣ ስለ እሷ እንደሚያወራ ግን የነገራት የለም። እኔ መምህር አይደለሁም። የክፍሉን ብዛት፣ የደሞዙን ማነስ አውቃለሁ፣ ብዙዎቹ ደንበኞቼ ናቸው። ግን ቢያንስ በአንቀጽ 36 ልጅ አይገረፍም!

ታዲያ የትኛው ይያዝ ብትሉኝ፣ ልጁ አድጎ አውጥቶ የሚመነዝረው ይሁን እላለሁ። አንቀጽ 36 ይያዝ። ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው የሚለው አንቀጽ 25 ይያዝ፣ አጭር ነው ዋናው ሐሳቡ። አንቀጽ 19ም ይያዝ። በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ሳይቆጠር። ይህን የሚያውቅ ልጅ ነገ ወንድሙ ቢያዝበት ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቃል። የ550ው ወንበር ግን መቼ እንደሚያስፈልገው እንጃ፣ ካልተመረጠ በስተቀር።

ለትንንሾቹማ ከዚያም በታች እወርዳለሁ። በገበያ ቀን አንድ ልጅ ከእናቱ ተለያይቶ እያለቀሰ ሱቄ ገባ። ዝም ይበል ብዬ «ምን ትችላለህ?» ስለው እንባውን ሳይጠርግ ረዥም የአድዋ ግጥም ወጣልኝ። የእናቱን ስልክ ስጠይቀው አያውቅም። ቀበሌውን አያውቅም። የአባቱንም ስም ከነአያቱ ግራ እየገባው ነው የነገረኝ። እናቱ ራሷ ፈልጋ እስክታገኘው ድረስ ብስኩት እየበላ ግጥሙን ሲደግምልኝ ቆየ። የዜግነት ትምህርት ከሙሉ ስም፣ ከሰፈርና ከስልክ ቁጥር ቢጀምር ምን አለበት?

የቋንቋውንም ነገር ባጭሩ ልበል። እዚህ ያሉ ልጆች ቤታቸው አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ የምኛ፣ ከፊኛ፣ ጉራጊኛ የሚሰሙ ናቸው። አንቀጹን መጀመሪያ በሚገባው ቋንቋ ይስማው። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል። ከዚያ ወዲያ በአማርኛም ቢይዘው ይጨምርለታል እንጂ አይጎድልበትም።

አሁን ልመናዬን ልናገር። ከየካቲት በፊት ባለው እትማችሁ አንድ ገጽ ስጡን። በታሪክ አዋቂና በሕግ ባለሙያ የታየ፣ ለየክፍሉ ተለይቶ የተቀመጠ፣ ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ብቻ የተጻፉበት ይሁን። የፈረንጁን መጨመር ካስፈለገ ለብቻው በቅንፍ ይግባ። የክተት አዋጁ ከተካተተ ከየት እንደተገለበጠ ይጻፍበት። የየከተማው መምህር የራሱን አገር አንድ መስመር የሚጽፍበት ባዶ ቦታም ከግርጌ ይተውለት። እኔ ገጹን በሱቄ መስኮት ላይ እለጥፈዋለሁ፣ «1896» ይዞ ለሚመጣውም በእሱ አሳየዋለሁ። አደራ፣ ፊደሉን ተለቅ አድርጉት። ጋዜጣ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ጀርባው ያለው ጽሑፍ ይወጣና ትንንሹ ፊደል አይነበብም። ከተቻለ በስተጀርባው ማስታወቂያ ባይኖር ጥሩ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ከጅማ