ጥያቄ ያለውን ልጅ አትቆጡት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ሳይንስ እያለ እምነት ምን ይሠራል?» አለኝ። እናቱ ተቆጣች። እኔ ግን ጥያቄውን ወደድኩት።

እ.ኤ.አ. በ1927 ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው ብሎ የጻፈው፣ በኋላም ቢግ ባንግ ለተባለው የዩኒቨርስ አጀማመር ሐሳብ መነሻ የሆነው ዦርዥ ለሜትር የቤልጂየም ካቶሊክ ቄስ እንደነበር፣ ቅስናውንም እንዳልተወ ነገርኩት። አተር እየዘራ የዘር ውርስን ያጠናው ሜንደልም መነኩሴ ነበር። «ታዲያ ይሄ እግዚአብሔር መኖሩን ያረጋግጣል?» ብሎ ያዘኝ (ጎበዝ ነው)። አያረጋግጥም። ግን ሳይንስ ዓለም እንዴት እንደሚሠራ ቢነግረንም፣ መጀመሪያውኑ ለምን ኖረ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ክርስትና የሚመልሰው እሱን ነው።

እስቲ ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ግማሽ ሰዓት እንኳ ይመድቡ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ