ለልጄ፣ ስለ ነጯ ድመትሽ

ሚሚዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጣናም እስከ አፉ ሞልቷል።

የላክሽውን ፎቶ እናትሽ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየች። እኔ ግን የድመትሽ ዓይን ላይ ቀረሁ። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ የማር ቀለም። የምሥራቅ ቱርኳ የቫን ከተማ ሰው የሚኮራባት ድመት እንዲህ ያለችው ናት።

በፈረንጆቹ 1955 ሁለት እንግሊዛውያት ከቱርክ ሁለት ድመቶች ይዘው አገራቸው ገቡ። የነዚያ ድመቶች ገላ ነጭ ሆኖ ራሳቸውና ጭራቸው ቀለም ነበረው። ዘራቸው በ1969 እንግሊዝ ውስጥ ዕውቅና አገኘ። ለዚህ ነው ሌላው ዓለም «የቱርክ ቫን» ሲል ጭራዋ ቀላ ያለውን የሚያስበው። የአገሬው ሰው ግን እንዳንቺዋ ሙሉ ነጯን ይወዳል።

በረዶው ሲመጣ አንገቷ ዙሪያ ጎፈር ታወጣለች። በሙቀት ወራት ጸጉሯ ይረግፍና ጭራዋ ብቻ እንደ ካህን ጭራ ተንዠርግጎ ይቀራል። ከሥር ድርብ ጸጉር ስለሌላት ቶሎ አይቋጠርባትም፣ ሲረጥብም ቶሎ ይደርቃል። በሳምንት አንድ ሁለቴ ብታበጥሪያት ይበቃል። ብዙ መታቀፍ አትወድም፤ ቁም ሳጥን ላይ ብትወጣም አትቆጫት፣ ጠባይዋ ነው።

የዓሣ ገበያው ዳር ያሉትን ድመቶች ታስታውሻለሽ? አስጋሪው አምባዛ ሲበልት የሆድ ዕቃውን ይጠብቃሉ። ውኃ ሲነካቸው እግራቸውን አንድ በአንድ እያነሱ ያራግፋሉ። ያንቺዋ ዘር ግን ወዶ ይዋኛል ይባልለታል። የቫን ሐይቅ ውስጥ ከገባች በንጹህ ውኃ አለቅልቂያት። ውኃው እንደ ጣናችን አይደለም፣ ሶዳና ጨው አለበት፤ ገላዋን ስትልስ ትውጠዋለች።

አሁን የጻፍኩበትን ዋና ነገር ልንገርሽ። ያቺን ትንሽ እያለሽ የነበረችንን ነጭ ድመት አትረሻትም። ሁለቱም ዓይኖቿ ሰማያዊ ነበሩ። ስንጠራት ዝም ስትል ኩራት ይመስለን ነበር። በራችን ላይ ባጃጅ ክላክስ እያደረገ መጣ፤ ዞራ እንኳ አላየችም። ባዮሎጂ እያስተማርኩ ደንቆሮ መሆኗን ሳላውቅ ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነጭ ድመት ላይ የዓይንን ቀለም የሚያሳጣው ነገር ጆሮንም ሊጎዳ ይችላል። አንድ ዓይኗ ብቻ ሰማያዊ ከሆነ፣ በዚያው በኩል ያለው ጆሮ ላይሰማ ይችላል። ሁሉም አይደነቁሩም፣ አትደንግጪ። ስትተኛ ከኋላዋ ሆነሽ፣ ንፋስ ሳይነካት፣ ቁልፍ አንቃጭዪላት። በየትኛው ጆሮዋ እንደምትሰማ ለማወቅ ግን ሐኪም ጋ በመሣሪያ መመርመር አለባት። እስከዚያው ወደ መንገድ የሚወስደውን በር ዝጊባት።

እናትሽ ስሟን ማወቅ ትፈልጋለች። ምርመራውን እንዳገኘሽ ደውዪልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

አባትሽ፣ ከባሕር ዳር