ፒኤስ ፋይቩን ለምን እንዳልላክሁልህ

ለውድ ወንድሜ ለማሙሽ፣

እንደምን ሰነበትህ? እማየስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ያን የሶኒ የጌም ማሽን፣ ፒኤስ ፋይቭ (ፕሌይስቴሽን 5) ላክልኝ ያልኸኝን አልረሳሁም። በስልክ "እሺ፣ እናያለን" እያልሁ ሳቆይህ የሰሰትሁ ሳይመስልህ አልቀረም። ችግሩ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ በሁለት ዓይነት ነው የመጣው፤ አንዱ ዲስክ የሚበላ፣ ሌላው ጭራሽ የዲስክ ቀዳዳ የሌለው። ቀዳዳ የሌለው ይረክሳል፤ ጌሙን ግን ከኢንተርኔት ማውረድ አለብህ። አንዱ ጌም መቶ ጊጋ ሊደርስ ይችላል። የሰፈራችንን ኔትወርክ ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ። ደግሞ የሶኒ የኢንተርኔት መደብር በሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። የሌላ አገር አካውንት ክፈት፣ ካርድ ፈልግ... ጣጣው ብዙ ነው። የመብራቱን ነገርማ ተወው።

እኛ ስንጀምር አንተ ገና ጡት አልጣልህም ነበር። ከፒያሳ ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ጌም ቤት ነበረች፤ በሯ ላይ መጋረጃ፣ ውስጧ አግዳሚ ወንበር። ፕሌይስቴሽን ዋን ጃፓን ውስጥ በ1994 ነው የወጣው። እኛ ጋ ሲደርስ እነሱ ፒኤስ ቱን ካወጡ ቆይተዋል። የእኛው ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሠራም። ባለቤቱ ዲስኩን ያስገባና ማሽኑን በጀርባው ይገለብጠዋል፤ ከዚያ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ቴሌቪዥኑ ላይ እናፈጣለን። ጥቁር ከሆነ ዲስኩ ይወጣል፣ በሸሚዝ ጫፍ ይጠረጋል፣ እንደገና ይገለበጣል። አስማት ይመስለን ነበር። ነገሩ ሌላ ነው፤ ሌንሱ የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ በሙቀትና በሥራ ብዛት ያልቅና ሌንሱ ዝቅ ይላል። ሲገለበጥ ወደ ዲስኩ ይጠጋል፤ ያነባል።

ፒኤስ ቱ ሲመጣ ግን ሰፈሩ አበደ። ዊኒንግ ኢለቨን የሚባለው የኳስ ጌም! ሕጉ ቀላል ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ኢንተር ሚላንን መያዝ ክልክል ነበር፤ አጥቂው አድሪያኖ ከየትም ሆኖ በግራ እግሩ ከለቀቀው አለቀ። የተጫወትነው የሚቀመጥባትን፣ ስምንት ሜጋባይት የምትይዘውን ሜሞሪ ካርድ ባለቤቱ ማታ ማታ ኪሱ ከትቶ ነበር የሚሄደው። ፒኤስ ቱ በዓለም ከ160 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል ይላሉ። በዚህ ቁጥር የእኛ ጌም ቤት እንደ አንድ ነው የተቆጠረችው፤ ስንቱ ማቲ በእሷ እንዳደገ ማን ይቁጠር?

ከአሜሪካ የመጣ አንድ ፒኤስ ቱ ደግሞ ጎረቤት ቤት ተቃጥሏል። የ110 ቮልት ነው፤ እንዲሁ ሶኬት ላይ ሰኩት፣ ጭስ፣ በቃ። ልጁ ለሳምንት ከቤት አልወጣም።

የሚገርምህ፣ እዚህ ሲያትል አጠገብ ሬድመንድ የምትባል ከተማ አለች። ኤክስቦክስ የሚባለውን የጌም ማሽን የሚሠራው ማይክሮሶፍትም፣ የሌላው ጌም ሠሪ የኒንቴንዶ የአሜሪካ ዋና ቢሮም እዚያው ናቸው። ለሥራ ስሄድ አልፋቸዋለሁ። ሕንፃ ናቸው፣ ሌላ ምንም የላቸውም። ያኔ ቢሆን ኖሮ ግን እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወርጄ በራቸውን እስም ነበር።

እኔም አንድ ፒኤስ ፋይቭ አለኝ፤ አልደብቅህም። ማታ ከሥራ ስገባ ከማላውቀው ሰው ጋር ኳስ እጫወታለሁ። ሁለት ጎል ሲቆጠርበት ጥሎ ይወጣል። ጎኔ የለ፣ አልስቅበት፣ አላበሽቀው። እንዲህ ያለው ጨዋታ አይጥምም።

ስለዚህ ፒኤስ ፎር ልኬልሃለሁ፤ ያገለገለ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው። ጀርባው ላይ አይቻለሁ፣ እስከ 240 ቮልት ይችላል። ዲስኮቹ አብረው አሉ፤ ኢንተርኔት ሳትለምን ትጫወታለህ። የሚያመጣው ሰው ለጥምቀት ስለሚገባ አዘዞ ኤርፖርት ሄደህ ተቀበለው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሶኬቱን ነቅለህ ጠብቅ፤ ስታብላይዘር የምትገዛበትን እልካለሁ። ልጆቹን ጥራቸው፣ ቤቱ ይሙላ፤ እማየ ድራማዋን በምታይበት ሰዓት ግን ቴሌቪዥኑን እንዳትነካባት።

ጆይስቲኩ ሁለት ነው። አንዱንም ቢሆን ለማንም እንዳታውስ፤ በእኛ ሰፈር የተዋሰ ጆይስቲክ ተመልሶ አያውቅም።

ወንድምህ