ከአልጋ በፊት ኪራይ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባሕር ዳር ስላለው ነባር የሕፃናት ማሳደጊያ ያወጣችሁት ጽሑፍ አልጋ ይጨመር ይላል። አልስማማም።

ማሳደጊያዎቻችን የሞሉት ኤች አይ ቪ ወላጆችን ሲጨርስ ነበር። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ሲሰጥ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ለማሳደግ በቁ። ልጆችን በማሳደጊያ በኩል ወደ ውጭ ይወስድ የነበረው የውጭ አገር ጉዲፈቻም በ2010 ዓ.ም. በሕግ ተከለከለ። ዛሬ የማሳደጊያ ደጅ የሚጠናው ብዙ ልጅ እናት ወይም አያት አለው። የጠፋው የቤት ኪራይና የዕለት ጉርስ ነው። ታዲያ ልጁን ከአያቱ ነጥሎ ከማስተኛት አያቲቱን መደገፍ አይሻልም?

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አድገው የሚወጡት ናቸው። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ገበያ ወርዶ ሽንኩርት ተከራክሮ ገዝቶ አያውቅም፤ ምግቡ ሁሌም በሳህን ተቀድቶ ነው የመጣለት። ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ ሲጠይቅ የቤት ቁጥር አምጣ ይባላል። ከየት ያምጣ?

ስለዚህ ማሳደጊያው አንዱን መኝታ ቤት የቀን ሠራተኛ እናቶች ልጆች መዋያ ያድርገው። ለሚወጡት ወጣቶችም ሽምብጥ ሰፈር ቤት ይከራይላቸው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ኪራይ ይሸፍን፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያም በየወሩ ይጎብኛቸው።

አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር