ፒስቶኑ እስኪመጣ ሞተሩን እንዳትፈታ

ልጄ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ሞተር ሳይክልህን ከ125 ወደ 150 ሲሲ የሚያሳድገው ዕቃ ተሟልቶ አልመጣም። ሲሊንደሩና ጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) እጄ ላይ ናቸው፤ የቀሩት ፒስቶኑና ፋሻው (ፒስቶኑ ላይ የሚገባው ቀለበት) ናቸው። አስመጪው ትናንትም «በዚህ ሳምንት ይገባል» አለኝ። የሱ ሳምንት ስንት ቀን እንዳለው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አንተ ደግሞ «እማ፣ መካኒኩ አሁን ክፍት ነው፣ ሞተሩን አስፈትቼ ልጠብቅ» ስትለኝ ደነገጥኩ። በስልክ ስነግርህ «እሺ፣ እሺ» ብለህ ስለምትዘጋው በጽሑፍ አደረግኩት።

እንዳትፈታው። ዕቃው ሁሉ ተሟልቶ ጠረጴዛ ላይ ሳይደረደር ሞተር አይከፈትም። ስንቱ ሞተር በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ጋራዥ ጥግ ክረምት ከበጋ ሲያሳልፍ አይቻለሁ። ብሎኑ ይጠፋል፣ ኩሽኔታው አቧራ ይጠጣል፣ መካኒኩም ሌላ ሥራ ይይዛል። በዚያ ላይ አንተ የከብት መድኃኒት ሳጥንህን በምን ልትጭን ነው? የታመመች ላም ፒስቶን እስኪገባ አትጠብቅህም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። የ150ውን ሲሊንደር ሱቅ ካለው የ125 ሲሊንደር ጎን አስቀምጬ በካሊፐር ለካሁት። ወደ ሞተሩ አካል የሚገባው የታችኛው አንገቱ ይወፍራል። ስለዚህ የሞተሩ አፍ ቶርኖ ቤት ገብቶ መስፋት ሊኖርበት ነው። ያ ማለት ክራንኩም ማርሹም ሁሉ ወጥቶ ባዶው ቅርፊት ብቻ ይቀራል ማለት ነው። አንተ የምታስበው የግማሽ ቀን ሥራ አይደለም።

የት ቀረ ካልከኝ፣ አስመጪው ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው ይላል። መንገዱ እንደሆነ ረጅም ነው። የቻይና ሞተር ሳይክል ፋብሪካዎች በብዛት ያሉት ቾንግቺንግ ነው፤ ከባሕር በጣም የራቀ ከተማ። ከዚያ ወደብ፣ ከወደብ መርከብ፣ ከመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመኪና ወይ በባቡር ሞጆ። አንዳንዴ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ የብዙ ነጋዴ ዕቃ ይጫናል፤ የአንዱ ወረቀት ከጎደለ ሁሉም አብሮ ይቆማል። የኛም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። የሚያስቀኝ ነገር፣ የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚያልፈው በዚሁ በአዳማ በኩል ነው። ፒስቶንህ በደጃችን አልፎ ሞጆ ገብቷል። ሲለቀቅ ደግሞ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይደርሳል፤ ከዚያ ተሸጦ ተመልሶ እኔ ጋ ይመጣል። ቆሜ ኮንቴይነሩን ባስቆመው ደስ ባለኝ።

ዋጋውም ሌላ ጣጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኛ ነጋዴዎች ያኔ የተማርነው ነገር ቢኖር ቶሎ የማይሸጥ ዕቃ አለመያዝ ነው። የባጃጅ ዕቃ በየቀኑ ይወጣል፤ የሚያመጣው ሞልቷል። 125ን 150 የሚያደርግ ስብስብ ግን ስንት ሰው ይገዛል? አንተና አንተን የመሰለ። ስለዚህ ማንም አከማችቶ አይጠብቅህም።

አሁን ወደ መካኒክህ ሐሳብ ልምጣ። «የ200 ፒስቶን እዚሁ ሐዋሳ አለ፣ ሲሊንደሩን አስፍተን እናስገባው» አለ አልከኝ። አይሆንም። የ150ው ሲሊንደር ውስጡ 62 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ200ው ፒስቶን 63.5። ያንን ያህል ከፋቅከው ግድግዳው ይሳሳል፣ ይሞቃል። ፒስቶኑን ከሚይዘው ፒን እስከ አናቱ ያለው ቁመትም ካልገጠመ ወይ ቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ይመታል ወይ ኮምፕሬሽን ያጣል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሥራ እንዳያመልጠው ነው። ሆንዳ ይህን ያንተን ዓይነት፣ ሲጂ የሚባለውን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሠራው ጥገና በቅጡ ለማያገኝ አገር ብሎ ነው፤ ቫልቩን እንኳ በሰንሰለት ማንቀሳቀሱን ትቶ በዘንግ አደረገው። ብዙ በደል ይችላል። ያልተለካ ፒስቶን ግን አይችልም።

ደግሞስ ችግርህ ምንድን ነው? ሜዳ ላይ ምንም አላልክም። የምታማርረው ከአለታ ወንዶ ወደ ሀገረ ሰላም ስትወጣ ነው። ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ሳስቶ፣ ያንተ 125 የሚሠራው ባሕር ዳርቻ ላይ እንዳለ የ90 ሞተር ያህል ነው። 150 ብታደርገውም እዚያ ላይ 107 ቢሆን ነው። ለውጥ አለው፣ ግን የምታልመውን ያህል አይደለም።

እስከዚያው ሁለት ነገር አድርግ። መጀመሪያ የፊቷን ትንሿን ጥርስ፣ ፒኞኗን፣ ቀይር። 15 ከሆነች 14 አስገባ። ዳገት ላይ 7 በመቶ ያህል ጉልበት ታገኛለህ፤ ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወደ ሻሸመኔ ስትሄድ ይጮኽብሃል፣ ቻለው። ዋጋዋ ከፒስቶኑ ጋር አይወዳደርም፤ ሱቄም ውስጥ አለች። ሁለተኛ፣ ከዳገት እንደደረስክ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ሲበርድ ካንዴላውን፣ እሳት የሚሰጠውን፣ ፈተህ እየው። ጫፉ የማኪያቶ ቀለም ካለው ጤነኛ ነው። ጥቀርሻ የመሰለ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቶበታል። ፊልትሮውን አጽዳ፤ ካልተሻለው የካርቡራተሩን ጄት፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ፣ አንድ ቁጥር ዝቅ አድርግ። ወደ ቆላ ስትወርድ ግን የድሮውን መልስ፤ ቤንዚን ሲያንሰው ሞተር ይቃጠላል።

ሊብሬህ ላይ የተጻፈው 125 ነው። የሞተር ቁጥሩ ቅርፊቱ ላይ ስለሆነ አይቀየርም፣ ጉልበቱ ግን ይቀየራል። መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ቀድመህ ጠይቅ፤ ኢንሹራንሱንም። ሮዳጁን፣ አዲሱን ፒስቶን በቀስታ ማለማመዱን፣ ደግሞ ያኔ እንነጋገርበታለን።

ለአስመጪው የተከፈለውን ቀብድ አስመልሺ ስትል ሰማሁ። ተወው። አስመጪው እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመጣ ገንዘቡን እቀበለዋለሁ፤ ሶማሌ ተራ ሌላ ሰው አላጣም።

ፒኞኗን ነገ ጠዋት በሚወጣው የሐዋሳ መኪና እልካለሁ። የሹፌሩን ስልክ ደውዬ እነግርሃለሁ፤ መናኸሪያ ቀድመህ ጠብቀው፣ እንዳታስቆመው። አብሮ ሽሮና በርበሬ አለ። ለየብቻ አስሬዋለሁ፣ ያለፈው ግሪስ ግሪስ ሸተተ ብለሃላ።

እናትህ፣ ከአዳማ